ቤቱን ጭኖ የሄደ መንገደኛ፤ ስለ ጆን ስታይንቤክ የጉዞ መጽሐፍ የቀረበ ሂስ

ሰው አገር ለማየት ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው ነገር የት አድራለሁ የሚለው ነው። ስንቅ በአገልግል ይያዛል፤ ልብስም ተጠቅልሎ ይጫናል፤ ማደሪያ ግን በመንገድ ዳር ያለው ሰው የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው ነገር ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስታይንቤክ ግን በ1960 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ማደሪያውንም ጭኖ መንገድ ገባ። በካሚዮን ላይ ትንሽ ቤት አሠርቶ፥ ውሻውን አስከትሎ፥ አገሩን ዞረ፤ ያየውንም በ1962 ዓ.ም. «ከቻርሊ ጋር የተደረገ ጉዞ፤ አሜሪካን ፍለጋ» ብሎ አሳተመ። በዚያው ዓመት የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ስለ ተቀበለ መጽሐፉ ብዙ አንባቢ አገኘ፤ እስከ ዛሬም ይነበባል።

ስለ ደራሲው ታላቅነት ብዙ ተጽፏልና በዚህ ጽሑፍ እርሱን ለመድገም አላሰብሁም። የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ቤቱን ጭኖ የሚሄድ መንገደኛ ከሰው ጋር ሊገናኝ ይችላልን?» የሚል ነው። መጽሐፉን ከዚህ ጥያቄ አንጻር ስንመረምረው አንድ ግልጽ የሆነ ነገር እናገኛለን። ቤቱ እንደ ታሰበው በደንብ በሠራባቸው ገጾች ጽሑፉ ይሳሳል፤ ቤቱ በተበላሸባቸው፥ ባልበቃባቸው ወይም ደራሲው ትቶት በወጣባቸው ገጾች ግን ጽሑፉ ሕይወት ያገኛል። የጉዞው ጭንቀትና ድንገተኛ ነገር የመጽሐፉ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የመጽሐፉ እውነት የሚገኘው በዚያ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ደራሲውና ስለ መኪናው ጥቂት እንናገር። ስታይንቤክ በ1902 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በሳሊናስ ከተማ ተወለደ። ለጉዞው ሲነሣ 58 ዓመቱ ነበር፤ ጤናውም ከዚያ በፊት ታውኮ ነበር። ብዙ ዓመት በኒው ዮርክ ከኖረ በኋላ ስለ አሜሪካ የሚጽፈው ከትዝታ ብቻ እንደ ሆነ፥ የአገሩን ንግግር ሰምቶ የሣሩንና የዛፉን ሽታ አሽትቶ ብዙ ዘመን እንዳለፈው ተሰማው። ስለዚህ ከጂ ኤም ሲ ኩባንያ አንድ ካሚዮን ገዛ፤ በላዩም አልጋ፥ ምድጃ፥ ማሞቂያ፥ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ ያለው ቤት አስጫነበት። በዶን ኪሾት ፈረስ ስም «ሮሲናንቴ» ብሎ ሰየመው። ፑድል ከሚባለው የውሻ ዘር የሆነውን ሽማግሌውን ቻርሊን አሳፈረ። ሰው ለምን እንደሚዞር እንዳይጠይቀው ጠመንጃና የዓሣ መንጠቆ ጨመረ፤ አዳኝ መስሎ ለመታየት ነው። መስከረም ውስጥ ዶና የተባለው አውሎ ነፋስ የሚኖርባትን ሳግ ሃርበርን መትቶ አልፎ ነበርና ጀልባውን ከማዕበል ካዳነ በኋላ በዚያው ወር መጨረሻ ተነሣ። ወደ ሰሜን እስከ ሜይን፥ ከዚያ ወደ ምዕራብ በቺካጎ፥ በሰሜን ዳኮታና በሞንታና አድርጎ እስከ ሲያትል፥ ከዚያም በካሊፎርኒያ ወርዶ በሞሃቪ በረሃ፥ በቴክሳስና በኒው ኦርሊንስ በኩል ተመለሰ። መንገዱ በጠቅላላው ወደ 10,000 ማይል ያህል ይሆናል።

ቤቱን ለምን ጫነ? ምክንያቱን ራሱ ይነግረናል። በሆቴል ቢያድር ስሙን መመዝገብ አለበት፤ ስሙ ሲታወቅ ደግሞ ሰው እንደ ተራ መንገደኛ አያነጋግረውም። ስለዚህ ከማንም ምንም ሳይፈልግ፥ ቤትዋን ተሸክማ እንደምትሄድ ኤሊ ሆኖ ለመዞር ፈለገ። አሳቡ ከትሕትና የመጣ እንደ ሆነ አያጠራጥርም። ዳሩ ግን በዚህ አሳብ ውስጥ አንድ የተሰወረ ተቃርኖ አለ። ስሙን ለመሸሸግ የሠራው ቤት ችግሩንም ሸሸገለት። ችግር የሌለበት መንገደኛ ደግሞ የሰው ደጅ የሚመታበት ምክንያት የለውም።

ይህን ነገር የእኛ አገር አንባቢ በቶሎ የሚረዳው ይመስለኛል። በአገራችን ልማድ ፀሐይ የጠለቀችበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ይላል። በዚህ ቃል ውስጥ ችግሩን ይናዘዛል፤ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ሲያስገባው ሁለቱ ይተሳሰራሉ። እግሩ ይታጠባል፤ ከየት እንደ መጣ ይጠየቃል፤ እርሱም ስለ አገሩ ሁኔታ ይጠይቃል። ጨዋታው የሚጀመረው ከችግሩ ነው። እንግዲህ መንገደኛው መኝታውን፥ ራቱንና እሳቱን ይዞ ቢመጣ፥ ከደጁ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ያድራል እንጂ በምን ቃል ይገባል? የስታይንቤክን መጽሐፍ ስናነብ ይህ ጥያቄ በየገጹ ይከተለናል።

ቤቱ ፈጽሞ አልጠቀመም ማለት ግን አድልዎ ይሆናል። በሜይን ክፍለ አገር ድንች ለመልቀም ከካናዳ የመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችን ሲያገኝ ውሻውን አስቀድሞ እንደ መልእክተኛ ይልካል፤ ውሻውን ለማስመለስ በሚል ምክንያትም ይተዋወቃቸዋል። ከዚያም ወደ ሮሲናንቴ ይጋብዛቸዋል፤ በጠባቡ ቤት ተጨናንቀው ተቀምጠው ይጠጣሉ፤ ይጫወታሉ። ይህ ገጽ ደስ ያሰኛል። የሚያምረውም ስታይንቤክ በዚያ ምሽት መርማሪነቱን ትቶ አስተናጋጅ ስለ ሆነ ነው። ቤት ሲኖርህ እንግዳ መሆን ባትችልም አስተናጋጅ መሆን ትችላለህ። የሚያሳዝነው ይህን ዕድል ከዚያ በኋላ እምብዛም አለመጠቀሙ ነው።

በሌሎች ብዙ ገጾች ግን ቤቱ በጸጥታ ቆሞ ሳለ አንድ ሰው ከየትም ይመጣል፤ ቡና ይቀርባል፤ መጤውም ስለ አሜሪካ አንድ የተጣራ አሳብ ተናግሮ ይሄዳል። ንግግሩ አይንተባተብም፤ አይቋረጥም፤ ከጉዳዩም አይወጣም። ከእነዚህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው በሰሜን ዳኮታ አሊስ ከምትባል ከተማ አጠገብ አገኘሁት የሚለው ተዘዋዋሪ የቴአትር ተጫዋች ነው። ይህ ሰው እንደ ደራሲው በጎማ ላይ በሚጎተት ቤት ውስጥ ይኖራል፤ እንደ ደራሲው ውሻ አለው፤ እንደ ደራሲው ስለ ጥበብ አሳምሮ ይናገራል። መስተዋት ፊት የቆመ ሰው ራሱን እንደሚያይ ደራሲውም በዚያ ሜዳ ላይ ራሱን ያየ ይመስላል።

ይህ ጥርጣሬ የእኔ ብቻ አይደለም። ቢል ስታይገርዋልድ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ከጉዞው 50 ዓመት በኋላ፥ በ2010 ዓ.ም.፥ የደራሲውን መንገድ ተከትሎ ሄደ፤ ደብዳቤዎቹንና በኒው ዮርክ በሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ያለውን የእጅ ጽሑፍም መረመረ። በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍና በ2012 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ስታይንቤክ ብዙውን ሌሊት ያደረው በሮሲናንቴ ውስጥ አይደለም፤ በሆቴልና በሞቴል ወይም በወዳጆቹ ቤት ነው። ከተዋናዩ ጋር አመሸሁ ባለበት ጊዜም ከዚያ ርቆ በሌላ ከተማ ሞቴል ማደሩን የሚያመለክት ለሚስቱ የጻፈው ደብዳቤ አለ። ሚስቱ ኢሌይን ቺካጎ ድረስ መጥታ እንዳገኘችው መጽሐፉ አይሸሽግም፤ በምዕራብ ጠረፍ አብራው መጓዟን ግን የታተመው መጽሐፍ አይነግረንም፤ በረቂቁ ላይ የነበረው ተሰርዟል። ከዚህ የተነሣ በ2012 ዓ.ም. በወጣው የ50 ዓመት መታሰቢያ እትም የስታይንቤክን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ጄይ ፓሪኒ በመግቢያው ላይ መጽሐፉ ቃል በቃል እንዳይወሰድ አንባቢን አስጠንቅቋል።

ለደራሲው የሚቆሙ ሰዎች ሁለት መልስ ይሰጣሉ። አንደኛው፥ እርሱ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነውና ያየውን አሳምሮ ቢጽፍ ምን ይደንቃል የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ራሱ በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ሰዎች አንዲት ከተማ ጎብኝተው የተለያየ ወሬ ይዘው ሊመለሱ እንደሚችሉ ጽፏልና አስቀድሞ አስጠንቅቆናል የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ጉዳዩን የሚነኩት ከዳር ነው። ሁለት ሰዎች ያዩትን በተለያየ ዓይን ማየታቸው አንድ ነገር ነው፤ ያልተገኘን ሰው ተገኘ ማለት ሌላ ነገር ነው። አንባቢ «አሜሪካን ፍለጋ» የሚል መጽሐፍ ሲገዛ የተፈለገችው አገር እንጂ የደራሲው አሳብ ብቻ እንዲቀርብለት አይጠብቅም።

ይልቁንም ደራሲው በግልጽ ሲገምት ምንኛ እንደሚሳካለት የሚያሳይ ገጽ በዚያው መጽሐፍ አለ። በቺካጎ ከአንድ ሆቴል ማልዶ ይደርሳል፤ የሚሰጠው ክፍል ገና አልተዘጋጀም። እንግዳው ወጥቶ ገና ያልተጸዳ ክፍል ውስጥ ለጊዜው ያርፍ ዘንድ ይፈቀድለታል። ደክሞታል፤ ገላውንም አልታጠበም፤ ነገር ግን ዓይኑ አላረፈም። ከቅርጫት ከተጣለ ወረቀት፥ ከባዶ ጠርሙስና ከሲጋራ ቍራጭ ተነሥቶ አንድ ብቸኛ ነጋዴ፥ ሃሪ የሚለውን፥ ከነኀዘኑ ያስነሣልናል። ይህን ሰው በዓይኑ አላየውም፤ አላየሁትም ብሎም ይነግረናል። ዳሩ ግን ያልታየው ሃሪ አገኘሁት ከተባለው ተዋናይ ይበልጥ ሥጋና ደም አለው። ለምን ቢሉ፥ በዚያ ክፍል ውስጥ ስታይንቤክ ከራሱ ቤት ወጥቶ ከሌላ ሰው ቆሻሻ አጠገብ ተቀምጧልና ነው። ማስረጃው በእጁ ነው፤ ግምቱም ግምት ተብሎ ቀርቧል።

አሁን ወደ መንገዱ ጭንቀት እንምጣ። መኪናውን መጽሐፍ፥ መሣሪያና የምግብ ጣሳ ከመጠን በላይ ጭኖት ነበር። በኦሬገን ክፍለ አገር፥ ዝናብ በሚዘንብበት እሑድ፥ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ደራሲው ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ክሪኩን ከሥር አስገብቶ በትርፉ ጎማ ተካው፤ የቀረውም ጎማ አብጦ ሊፈነዳ እንደ ደረሰ አየ። እንደምንም እያዘገመ ከአንዲት ትንሽ ሰፈር ቤንዚን ማደያ ደረሰ። የማደያው ባለቤት ግዙፍ፥ ፊቱ ጠባሳ የሞላበት፥ አንድ ዓይኑ የሚያስፈራ ሰው ነው። ይህ ሰው በሰንበት ቀን ስልክ እየደወለ ለእንዲህ ያለ ከባድ መኪና የሚሆን ጎማ አፈላልጎ አገኘለት። ደራሲው የዚህን ሰው ውለታ የሚገልጽበት ቃል ያጣ ይመስላል፤ ረጅም ዕድሜና ብዙ ዘር ይመርቀዋል። ልብ እንበል፤ ይህ ሰው ስለ አሜሪካ ምንም አሳብ አልተናገረም። ስለ ፖለቲካም አልተጠየቀም። ነገር ግን ስለ አሜሪካ ሕዝብ ቸርነት ይህን ያህል የሚያስረዳ ንግግር በመጽሐፉ ውስጥ አናገኝም። በኦሬገን ዝናብ ውስጥ ኤሊዋ በጀርባዋ ተገለበጠች፤ የሚያቀናት ሰውም አስፈለጋት።

የቻርሊም ሕመም እንዲሁ ነው። ሽማግሌው ውሻ ሽንት ከለከለው። አልጋና ምድጃ ያለው ቤት ለዚህ ምንም አይረዳም። በስፖኬን ከተማ የተገኘው የእንስሳት ሐኪም እጁ የሚንቀጠቀጥ፥ ለእንስሳ ፍቅር ያለው የማይመስል ነበር፤ በኋላ በቴክሳስ በአማሪሎ ከተማ ያገኙት ወጣት ሐኪም ግን ውሻውን ጥቂት ቀን አስተኝቶ አዳነው። ሁለቱን ሐኪሞች ጎን ለጎን ስናያቸው ደራሲው ስለ ሰው ልጅ ሙያና ርኅራኄ ምንም ሳይሰብክ ብዙ እንዳስተማረን እናያለን። ያስጨነቀው ነገር እውነተኛ ስለ ነበር ሰዎቹም እውነተኛ ሆኑ።

ድንገተኛ ነገሮችም አሉ፤ ቀልዳቸውም የሚመጣው ቤቱ ሁሉን ነገር ይዞ አንድ ነገር ከመጉደሉ ነው። በናያግራ ፏፏቴ በኩል ወደ ካናዳ ሊሻገር ሲል ቻርሊ የእብደት በሽታ ክትባት ወረቀት የለውም። የካናዳው ሹም ገብተህ ስትመለስ የራስህ አገር ሰዎች ውሻውን አያስገቡልህም ብሎ በትሕትና ይመክረዋል። ተመልሶ ሲመጣም ከአገሩ ያልወጣው ሰው በአገሩ ሹሞች ይመረመራል። በየሎስቶን የአራዊት መጠበቂያም፥ ዕድሜውን ሙሉ ጨዋ የነበረው ቻርሊ ድብ ሲያይ እንደ አበደ ይሆናል፤ ደራሲውም ጕብኝቱን ትቶ ይመለሳል። ክዳን ያለው ባልዲ በሚለጠጥ ገመድ አንጠልጥሎ፥ ውኃና ሳሙና ከልብስ ጋር ጨምሮበት፥ መንገዱ እያንገጫገጨ እንዲያጥብለት ማድረጉም ከመጽሐፉ የማይረሳ ብልሃት ነው። ይህ ብልሃት የተሳካለት መንገዱ ኮረኮንች ስለ ነበረ ነው። ራሱ ደራሲው በ1956 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት ይሠሩ የነበሩትን ሰፋፊ አውራ ጎዳናዎች የነቀፈው፥ ሰው ከዳር እስከ ዳር ምንም ሳያይ እንዲያልፍ ያደርጋሉ ብሎ ነው። ያልታዘበው ነገር ቢኖር የእርሱም ቤት ለሚያልፍበት ሰው እንደዚያው እንደ ጎዳና መሆኑን ነው።

የዚህ አባባል ትልቁ ማስረጃ የሚገኘው በራሱ በስታይንቤክ በሌላው መጽሐፍ ነው። በ1939 ዓ.ም. ባሳተመው «የቍጣ ወይን» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ የጆድ ቤተሰብ አሮጌ ሃድሰን መኪና ቈርጠው ካሚዮን አድርገው፥ ፍራሻቸውንና ድስታቸውን ጭነው፥ ከኦክላሆማ ወደ ካሊፎርኒያ ይሰደዳሉ። ይህም በጎማ ላይ ያለ ቤት ነው፤ ነገር ግን የማይበቃ ቤት ነው። አያቱ በመንገድ ሲታመም የሚተኛበት ስለሌለ ዊልሰን የተባሉ መንገደኞች ድንኳናቸውን ይለቅቁለታል። በድንኳናቸው ይሞታል፤ በብርድ ልብሳቸውም ይቀበራል። ጆዶች በፈንታው የዊልሰኖችን የተበላሸ መኪና ይጠግናሉ፤ ሁለቱ ቤተሰቦችም አንድ ላይ ይጓዛሉ። ማኅበራቸው ከምን ተወለደ? ከጎደለው ነው። አንዱ ድንኳን አለው፤ ሌላው የመካኒክ እጅ አለው።

የሞሃቪን በረሃ በሁለቱ መጻሕፍት ማነጻጸርም ይጠቅማል። የጆድ ቤተሰብ በረሃውን በሌሊት ሲሻገር እናቲቱ ከሞተችው አሮጊት አጠገብ ተኝታ ታድራለች፤ ኬላ ጠባቂዎች እንዳያቆሟቸውም አሮጊቷ ሞተች አትልም፥ ታማለች ትላለች። ከ20 ዓመት በኋላ ያው ደራሲ ያንኑ በረሃ ሲሻገር ውኃ በበርሜል ይዟል፤ ለውሻው ያጠጣል። ሁለት ቀበሮ መሳይ ኮዮቴዎች ሲያይ ጠመንጃውን ያነጣጥርና ይምራቸዋል፤ ሁለት ጣሳ የውሻ ምግብ ከፍቶ ትቶላቸው ይሄዳል። ገጹ ደግ ነው፤ በውበቱም አይታማም። ነገር ግን የሚመጸውት ሰው ገጽ ነው። የሚቸገር ሰው በዚያ የለም። በ1939 ዓ.ም. የጻፈው ሰው ከመንገደኞቹ ጋር ተጠምቶ ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. የተጓዘው ሰው ግን ጥሙን አስቀድሞ አጥፍቶ መጣ።

መጽሐፉ ከፍ ወዳለ ደረጃ የሚደርሰው በኒው ኦርሊንስ ነው። በኅዳር 1960 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ትእዛዝ ጥቁር ልጆች በነጮች ትምህርት ቤት እንዲገቡ ተደርጎ ነበር። ሩቢ ብሪጅስ የተባለች የ6 ዓመት ልጅ በመንግሥት ጠባቂዎች ተከባ ዊልያም ፍራንትስ ወደሚባለው ትምህርት ቤት በየቀኑ ትሄዳለች፤ ከደጁም ላይ ነጭ ሴቶች ተሰብስበው ይሰድቧታል። ስታይንቤክ ይህን ለማየት ሲሄድ ምን አደረገ? የኒው ዮርክ ሰሌዳ ያለው መኪና ጠብ ያመጣል ብሎ ሮሲናንቴን ከመኪና ማቆሚያ ትቶ በታክሲ ሄደ፤ ከሕዝቡም መካከል በእግሩ ቆመ። አልጋው፥ ቡናውና ጠመንጃው ከእርሱ ጋር አልነበሩም። በዚያ ቆሞ ነጭ ልብስና አዲስ ጫማ የለበሰችውን ትንሽ ልጅ አየ፤ የነጭ ልጁን እጅ ይዞ ስድቡን ታግሦ ያለፈውን አባት አየ፤ የሴቶቹን ጩኸትና ሕዝቡ ሲያጨበጭብላቸው ሰማ። በዚህ ገጽ ላይ አንድም የተጣራ ንግግር የለም። ሰው ሁሉ በቦታው ቆሞ በሥራው ይታያል። ደራሲውም ታመመ፤ ምግብ እንኳ መብላት አቃተው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው አጭር ታሪክ ጥያቄያችንን ከሌላ ወገን ይመልሰዋል። አንድ ሽማግሌ ጥቁር ሰው በእግሩ ሲሄድ አግኝቶ ያሳፍረዋል። ሽማግሌው ሳይወድ ይገባል። ደራሲው በቅንነት ይጠይቀዋል፤ ሽማግሌው ግን ጥያቄው በበዛ ቍጥር ፍርሃቱ ይጨምራል፤ ጥቂት ከሄዱ በኋላ አውርደኝ ይላል። መራመድን መረጠ። ለዚያ ሰው ያ መኪና እንግዳ ማስተናገጃ አልነበረም፤ የማያውቀው ነጭ ሰው በሩን ዘግቶ የሚጠይቅበት ክፍል ነበር። ስታይንቤክ ይህን ጽፎ ማስቀረቱ ለታማኝነቱ ምስክር ነው። ራሱን የሚያስመሰግን ፍጻሜ ሊጨምርበት ይችል ነበር፤ አልጨመረም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅማል? በዚህ መጽሔት ከሚጽፉት ተማሪዎች ብዙዎቹ በዕረፍት ጊዜ ወደ ገጠር ወጥተው ልማድ፥ ተረትና ታሪክ ይሰበስባሉ። ሁላችንም እንደ ስታይንቤክ አንድ ቤት ጭነን እንሄዳለን። ቤታችን ጎማ ባይኖረውም አስቀድመን ያዘጋጀነው የጥያቄ ዝርዝር ነው፤ ከከተማ የያዝነው ስንቅ ነው፤ ከመጻሕፍት የቃረምነው መልስ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ተቀምጠን የምንሰማው ንግግር የራሳችን ድምፅ እንዳይሆን ያሰጋል። መልስ ያላገኘንበትን ቦታ በራሳችን አሳብ ሞልተን «አንድ ሽማግሌ እንዲህ ነገሩኝ» ብንልም የሚያውቅብን ላይኖር ይችላል፤ ምናልባትም 50 ዓመት ቆይቶ አንድ ሰው መንገዳችንን ተከትሎ እስኪሄድ ድረስ። ሽማግሌው ግን ያን ጊዜ አይገኙም፤ ስለ እርሳቸው የቀረው ቃልም የውሸት ይሆናል። ጉዳቱ የእኛን ስም ከማጉደፍ ያልፋል።

በሌላ በኩል ከዚህ መጽሐፍ ተስፋም እናገኛለን። ጎማ የፈነዳበት፥ ወንዝ የሞላበት፥ ስንቅ ያለቀበት ቀን ለምርምራችን የጠፋ ቀን ይመስለናል፤ ማስታወሻችንም ላይ አናሰፍረውም። ስታይንቤክ ግን ሳያስበው የሚያስተምረን የዚያን ቀን ማስታወሻ ከሁሉ አብልጠን እንድንጠብቅ ነው። ያን ቀን የጠገነን፥ ያሳደረን ወይም የከለከለን ሰው ምንም ሳንጠይቀው አገሩ ምን እንደሚመስል አሳይቶናልና።

የመጽሐፉም መጨረሻ ይህንኑ የሚያጸና ነው። ደራሲው ቨርጂኒያ ውስጥ አቢንግደን ከምትባል ከተማ ሲደርስ ጉዞው በልቡ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሳያስተውል አለፈው። ኒው ዮርክ ሲገባ ግን በሚኖርበት ከተማ መንገድ ጠፋው። መኪናውን ከዳር አቁሞ ሳቁን መቈጣጠር አቃተው። ፖሊስ ቀርቦ ምን ሆነሃል ቢለው፥ ይህን መኪና በአገሩ ሁሉ ነድቼ በገዛ ከተማዬ ጠፋሁ አለው። ፖሊሱም ፈገግ ብሎ መንገዱን አሳየው። ሮሲናንቴ ዛሬ በሳሊናስ በስታይንቤክ መታሰቢያ ቤት ቆማ ለጎብኚ ትታያለች፤ ምድጃዋም አልጋዋም በቦታቸው ናቸው። ይሁንና አሜሪካን ፍለጋ የወጣው ሰው በመጨረሻ ወደ ቤቱ የገባው በእርስዋ ብርታት ሳይሆን መንገድ ጠይቆ ነው።